መዳፍ የምታህል ቦታ

ወንድሜ መጠጥ ካቆመ ወዲህ ቁጭ ብሎ ያየው ሰው የለም። ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ሳህኑን በአንድ እጁ ይዞ በሌላኛው የቁም ሳጥኑን ማጠፊያ ይነካካል። ቧንቧ ካንጠባጠበ ያጠብቃል፤ ካላንጠባጠበ ደግሞ ደህናውን ፈትቶ መልሶ ይገጥመዋል። ሬዲዮናችንን ሁለት ጊዜ አፍርሶ ሁለት ጊዜ ሠርቷታል፤ አሁን የምትይዘው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። እናታችን «አንተ ልጅ፣ ወንበሩ እሾህ አብቅሏል እንዴ?» ስትለው ይስቅና «መጣሁ እማዬ» ብሎ ይወጣል። የት እንደሚሄድ አይናገርም። እኛ ደግሞ እስኪመለስ ድረስ ኮቴ በሰማን ቁጥር ወደ በሩ እናያለን።

ሰፈሩ «መሰላል» ይለዋል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሥራውም ቤት መቀባት ስለሆነ መሰላሉን ተሸክሞ ሲሄድ ማን ማንን እንደተሸከመ ለመለየት ያስቸግራል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እሱ «እታለም» ይለኛል። መንገዱ ማዕዘን ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ፤ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ሦስት መስታወትና አንድ የማያርፍ ምላስ። ምላሱ የራሴ ነው። ደንበኞቼ ፀጉራቸውን ሊሠሩ መጥተው ወሬዬን ይዘው ይሄዳሉ፣ እኔም የእነሱን ተቀብዬ ለቀጣይዋ አቀብላለሁ። ወንድሜ እንደገና ሥራ ሲጀምር የቀባቸውን ቤቶች ያገኘሁለት በዚሁ ምላስ ነው፤ ስለዚህ በኋላ የመጣውንም ጣጣ ያመጣው ይኸው ምላስ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

አጠጣጡን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቀለም ቀቢዎች አንድ ልማድ አላቸው። ሥራው አልቆ የመጨረሻው ብሩሽ ከግድግዳው ሲነሳ፣ ባለቤቱ «ማሳረጊያ» የሚሉትን ይጋብዛል። መጠጥ ማለት ነው። ሥራ ሳይጨርሱ መጠጣት ነውር ነው፤ ጨርሶ አለመጠጣት ደግሞ ባለቤቱን መናቅ። ወንድሜ እጁ ፈጣን ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይጨርስ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚጨርስም ቶሎ ቶሎ ይጋበዝ ነበር። እንዲህ እያለ ማሳረጊያው ሥራውን በለጠው። ሚስቱ ታገሠች፣ ታገሠች፣ መጨረሻ ላይ ሻንጣዋን አንስታ ሄደች፤ እኔም እሷ ብሆን እሄድ ነበር። እሱም ልብሱን በፌስታል ይዞ እናቴና እኔ ወዳለንበት ቤት መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አቁሞ ሦስት ጊዜ ተመልሶበታል። መጀመሪያ ከማገገሚያው ሲወጣ «ተገላገልን!» ብለን ዘመድ ጠራን፣ ዘፈንን፣ ጨፈርን። ሳምንት ሳይሞላው ከቦይ ውስጥ አወጣነው። ሁለተኛው ጊዜ እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ «ልጄ ዳነልኝ» እያለች አዳረሰች፤ ገና ወሬው ሳይበርድ እሱ ራሱ እየተንገዳገደ አስተባበለላት። ሦስተኛው ጊዜ እኔ ነኝ ሙሉ ልብስ ገዝቼ «አሁን ሰው ሆንክ» ያልኩት፤ ልብሱን ሸጦ ጠጣበት። እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ የታየኝ ምስጋና ቢስነቱ ብቻ ነበር። ሰው እንዴት በተመሰገነ ማግስት ይወድቃል? እያልኩ ስቃጠል ነው የኖርኩት።

አራተኛው ጊዜ ግን ለማንም ምንም ሳይል ነው ያቆመው። የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ኬኩን በግንባሩ ቆረሰላቸው። ያን ዕለት ፊቱ ላይ ያለውን ክሬም እየጠረግኩለት ሕዝብ እየሰማ የተሳደብኩት ስድብ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ትንሽ ደግሞ ያስቀኛል። በማግስቱ ተነሥቶ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች በየሳምንቱ ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልቀመሰም። ቀናቱ ወራት፣ ወራቱ ዓመት ሊሆኑ ሲሉ ግን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራም፤ እኛ ስናነሣበትም ቧንቧ ሊፈታ ይሄዳል።

ነገሩ የተጀመረው ካስክ ውስጥ ነው። ካስክ ውስጥ ያለች ሴት የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ትጮሃለች። ባለ ፋርማሲዋ ፀጉሯ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠች ቤቱ በሙሉ እስኪሰማ «ወንድምሽ እኮ ጉደኛ ነው!» አለችኝ።

«ምን አደረገ?» አልኩ፤ ማበጠሪያው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«ቤቴን እንዲህ አሳምሮ፣ አሳምሮ፣ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳይቀባ ትቶልኝ ሄደ! ስነግረው ‹እመለስባታለሁ› አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ!»

«ረስቶት ነው» አልኳት።

ያኔ ባለ ዳቦ ቤቷ ከወዲያኛው መስታወት ዞር ብላ «የእኔንም ረስቶታል፤ ከማቀዝቀዣው ጀርባ» አለች። በሳምንቱ ደግሞ አስተማሪዋ መጥታ ከቁም ሳጥኗ በላይ ጣሪያው ሥር አንዲት ጥግ እንደቀረባት ነገረችኝ። እሷም «እመለስባታለሁ» ተብላለች። በዚህ ጊዜ መጠርጠር ጀመርኩ። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ጤነኛ ሲሆን ዝንብ ያረፈችበትን ቦታ እንኳ አይቶ አያልፍም። ቦታ እየረሳ የሚሄደው መስኮቱን ከነመስታወቱ በቀባበት በዚያ በስካሩ ዘመን ነበር። ተደብቆ ጀምሯል ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ያን ቀን «ና ፀጉርህን ልከርክምልህ» ብዬ ጠራሁት። ፀጉሩ መከርከም አያስፈልገውም፤ ትንፋሹን ላሸት ነው። ቁጭ በል ስለው «ቆሜ ይሻለኛል» አለኝ፤ ስለዚህ እኔ ዱካ ላይ ወጥቼ፣ እሱ ቆሞ፣ እያሽከረከርኩ ከረከምኩት። ከጆሮው ጀምሬ እስከ አፉ ድረስ አሸተትኩት። ቀለምና ሳሙና፣ ሌላ ምንም የለም። «እታለም፣ ከብት ልትገዢ ነው እንዴ?» አለኝ። አፈርኩ፤ ግን እፎይ አላልኩም።

ቤት ስገባ እሱ የቀባው እናቴ ክፍል ገባሁና በሩን ከግድግዳው ገለጥ አደረግኩት። እዚያም አለች። በነጩ ግድግዳ መካከል መዳፍ የምታህል አሮጌ አረንጓዴ። ጎንበስ ብዬ ሳያት ደግሞ ዳር ዳሯ ቀጥ ብሎ፣ በፕላስተር ተከልሎ የተቀባ ነው። የረሳ ሰው እንዲህ አያደርግም። ይህን በዓይኔ በብረቱ አይቼ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አልገባም። ሲመጣ በር ላይ ጠበቅኩት።

«ይቺን ለምንድን ነው የተውካት?»

«እመለስባታለሁ።»

«መቼ?»

«እመለስባታለሁ አልኩ እኮ እታለም! ምን አስጨነቀሽ?» አለና ጃኬቱን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ።

እንግዲህ ስንፍና ነው አልኩ። አልጠጣም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሥራ መጨረስ ሰልችቶታል፣ በዚሁ ከቀጠለ ደግሞ ስሙ ይጠፋል፣ ስሙ ከጠፋ ሥራ ያጣል፣ ሥራ ካጣ ወደዚያው ይመለሳል። ሐሳቤ እንዲህ እየተንከባለለ ሄዶ አንድ ዘዴ ላይ አረፈ። ካቆመ ዓመት የሚሞላው እሑድ ነው። ድግስ እደግሳለሁ፤ ቤታቸውን የቀባላቸውን ሁሉ እጠራለሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ እሱ ሳያውቅ በየቤቱ የቀሩትን እነዚያን ጥጎች አስቀብቼ እጠብቀዋለሁ። ስጦታዬ ይህ ይሆናል። አንድም ቅሬታ፣ አንድም እንከን የሌለበት ዓመት።

እናቴ ስነግራት «ድግሱ ይቅርብን» አለች።

«ለምን?»

«እንጃ። ፈራሁ።»

«ዓመት ሙሉ ችሎ ምን ያስፈራሻል? ሰው እንኳን ዓመት ሳምንት ችሎ ይመሰገናል!» አልኳትና የኬኩን ነገር ማሰላሰል ጀመርኩ።

ብቻዬን ስለማልችለው አፈ ጉባዔን ጠራኋቸው። አፈ ጉባዔ ከወንድሜ ጋር የሚሠሩ ሸምገል ያሉ ቀለም ቀቢ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ስለማይናገሩ ነው፤ ሰላምታ ራሱ በራስ ነቅነቅ ነው የሚመልሱት። ዕቅዴን ከላይ እስከ ታች ዘረገፍኩላቸው። ሰምተው፣ ሰምተው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ባይሆን...» አሉ።

«ባይሆን ምን? ቀለሙ አለ፣ ብሩሹ አለ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀምር» አልኳቸው።

አፋቸውን እንደከፈቱ ቆዩና መልሰው ዘጉት። እኔ እንደሆነ ሰው ሲያመነታ መጠበቅ አልተፈጠረልኝም። ቅዳሜ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ከእሳቸው ጋር ከቤት ቤት ዞርን፤ ወንድሜ ከተማው ዳር ሌላ ሥራ ላይ ነበር። የባለ ፋርማሲዋን በር፣ የባለ ዳቦ ቤቷን ማቀዝቀዣ፣ የአስተማሪዋን ጣሪያ፣ ሌሎችም ነበሩ። እሳቸው ይቀባሉ፣ እኔ አወራለሁ። የተረፈውን ቀለምና ብሩሹን ፀጉር ቤቱ ጓዳ አስቀመጥን። የእናቴን ክፍል እሑድ ጠዋት፣ እሱ አዳራሹ ስብሰባ ሄዶ ሳለ፣ በገዛ እጄ ቀባሁት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። ወንበር ከየጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ለስላሳ ተደረደረ፤ ኬኩ ላይ «እንኳን ደስ አለህ» ተጽፏል። አፈ ጉባዔ በሠርግ ሱፋቸው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ አጨበጨበ። እሱ እጁን በሩ እጀታ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አንዱ ጉንጩ እሺ ብሎ ሌላኛው እምቢ አለው። እናቴ ሄዳ ትከሻውን ሳመችው። ሰዎች ተነሥተው አቀፉት፣ «አለፈ እንግዲህ!»፣ «ይኸው ተወጣኸው!»፣ «አበቃ፣ ተገላገልክ!» እያሉ ጀርባውን መቱት። በተመታ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ በሩ ይመለስ ነበር፤ ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው።

ባለ ፋርማሲዋ ካስክ ውስጥ ያለች ይመስል ጮኻ ብርጭቆዋን አነሳች። «እኛም የቀረን ነገር የለም! እህትህ ይባርካት፣ ከበሩ ጀርባ ያለችውን ትናንት አስጨርሳልናለች!»

«ምን?» አለ ወንድሜ።

«ሁሉንም አስጨርሻለሁ» አልኩት፤ አፌ እስከ ጆሮዬ ደርሷል። «የእሷን፣ የባለ ዳቦ ቤቷን፣ የአስተማሪዋን፣ ሁሉንም። አንዲትም አልቀረችም። የእማዬን ራሴ ነኝ የቀባሁት።»

ወደ እናቴ ክፍል ገባ፤ ተከተልኩት። በሩን ገለጥ አድርጎ ጎንበስ አለና ቦታዋን በጣቱ ነካ። አልደረቀችም ነበር፤ ጣቱ ነጭ ይዞ ተመለሰ። ጣቱን አየ፣ እኔን አየ። በስካሩ ጊዜ ብዙ ዓይነት ፊት አይቼበታለሁ፤ ይህን ግን አላውቀውም። የፈራ ሰው ፊት ነበር።

«ሁሉንም?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሁሉንም።»

በእንግዶቹ መካከል አቋርጦ ወጣ። ሰው «ምን ሆነ?» ሲል «አየር ሊወስድ ነው» ብዬ ዋሸሁና ተከተልኩት። አይሮጥም፤ ርምጃው ግን የመሰላል ስለሆነ አልደርስበትም። እኔ በተረከዛም ጫማ ኳ ኳ እያልኩ፣ በየደጃፉ የተቀመጠው ሰው ዞሮ እያየኝ፣ «አንተ! ቁም!» እላለሁ። አይቆምም። ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ከፀጉር ቤቴ ማዕዘን በስተቀኝ ያለው መንገድ የመጠጥ ቤቶች መንገድ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ወንበሮቹን ደጅ አውጥቶ ሙዚቃውን የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ዓመቱን በሙሉ የፈራሁት ነገር በድግሴ ቀን፣ በገዛ እጄ፣ እያየሁት ሊሆን ነው።

ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ፊቱን ወደ ፀጉር ቤቴ አዞረ። ላብ ፊቱን አጥቦታል።

«ክፈቺልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ቤቱን። ክፈቺልኝና አንድ ግድግዳ ስጪኝ።»

«ዛሬ? እንግዶቹስ? ኬኩስ?»

«እታለም፣ በናትሽ ክፈቺልኝ።»

ድምፁ አንጀቴን በላው። ቁልፉን ከጡቴ ሥር አውጥቼ ከፈትኩ። ወደ ጓዳ ገብቶ የቀለሙን ቆርቆሮ አወጣ፤ ከየት እንደተረፈ ሲገባው አንገቱን ነቀነቀ። ከመስታወቶቹ በላይ ያለው ግድግዳ በእንፋሎትና በፀጉር ቅባት ቢጫ ሆኖ ዓመታት ተቀምጧል። ጠረጴዛዬ ላይ ወጣ፣ ጨርቅ አርጥቦ ጠረገው፣ መቀባት ጀመረ። በጥሩ ሸሚዙ። እኔ መሬት ላይ ቆሜ መስታወቶቹን በፎጣ ሸፈንኩ።

ግማሹን ግድግዳ ካነጣ በኋላ ጀርባውን እንደሰጠኝ መናገር ጀመረ።

«ሥራ ሲያልቅ እግሬ ከመሰላሉ ሳይወርድ አፌ ውኃ ይሞላል። ማንም ባይጋብዘኝ። አካሌ ለምዶታል፤ አለቀ ማለት መጠጥ ማለት ነው። ካቆምኩ በኋላ መጀመሪያ የቀባሁት የባለ ዳቦ ቤቷን ነው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የዚያን ቀን እንደምጠጣ አወቅኩ። ከዚያ ብሩሹን አስቀመጥኩና ‹እመለስባታለሁ› ብዬ ወጣሁ። ያልጨረሰ ሰው ማሳረጊያ የለውም። ሳልጠጣ አደርኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በየቤቱ አንዳንድ ቦታ መተው ጀመርኩ። ሲከብደኝ፣ ‹አንተ እኮ ገና አልጨረስክም፣ የባለ ፋርማሲዋ በር አለብህ፣ የአስተማሪዋ ጣሪያ አለብህ› እያልኩ መንገድ ለመንገድ እዞራለሁ። ዓመቱ የሄደው እንዲህ ነው። እናንተ ደግሞ ‹አለፈ፣ ተገላገልክ› ስትሉኝ እኔ ራሴ ያለቀ ሥራ ሆኜ ይታየኛል። ድሮም እንዲሁ ነበር።»

ያኔ ሁሉም ነገር ፍንትው አለልኝ፤ ቦዩ፣ ሙሉ ልብሱ፣ በየጊዜው በምስጋናችን ማግስት መውደቁ። ከምስጋና ቢስነት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። እኔ ወንድሜን እንደምወደው አውቅ ነበር፤ እንዲህ የማላውቀው መሆኔን ግን አላውቅም ነበር። አለቀስኩ። እያለቀስኩም መቆጣቴን አልተውኩም።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ላንቺ? ላንቺ የተነገረ ነገር ማግስቱን ካስክ ውስጥ ይገባል።»

እውነቱን ነው። በለቅሶዬ መሐል ሳቅ አመለጠኝ፣ እሱም ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁም።

ደጁ ላይ ጥላ ሆነ። አፈ ጉባዔ ናቸው፤ በሱፋቸው ላይ መሰላሉን ተሸክመው፣ ጢማቸው ላይ ክሬም እንደያዙ። ግራ ቀኝ አይተው መሰላሉን ከግድግዳው አስደገፉ። ወንድሜ ከጠረጴዛው ወደ መሰላሉ ተሸጋገረ፤ እሳቸው ሥሩን ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ባይሆን ተያቸው፣ ልልሽ ነበር» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ይዘውት የከረሙት አረፍተ ነገር ይህ ነው።

ግድግዳው ትንሽ ነው። ብርሃኑ ሳይደክም የመጨረሻው ጥግ ላይ ደረሰ። መዳፍ የምታህል ቀረች፤ ቢጫ። ብሩሹን እንደያዘ ቆመ። ሁለታችንም ከታች አንጋጠን እናያለን።

«ልተዋት?» አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን መልሱ ከጥያቄው ይቀድመኝ ነበር። «አላውቅም» አልኩት። «ብትተዋት አልነካትም፣ እናቴ ትሙት። ብትጨርሳትም አለሁ።»

ከመንገዱ ማዶ ሙዚቃው ጀምሯል። ከዚያ ብሩሹን ነከረና ቀባት፤ ሁለት ጊዜ አመላለሰባት። «አለቀች» አለ። ሲወርድ አፈ ጉባዔ በወገቡ ደገፉት። ምራቁን ሲውጥ አየሁት፤ አንዴ፣ እንደገና። ማንም «እንኳን ደስ አለህ» አላለውም። አፈ ጉባዔ መሰላሉን አንስተው «ለእናትህ ደህና ነው ልበላት» ብለው በስተግራ ወደ ቤት አቀኑ።

እኛ በሩ ላይ ቆምን። በግራ ቤታችን ቅርብ ነው። በቀኝም ዞሮ ዞሮ ወደ ቤት ያደርሳል፤ ግን በመጠጥ ቤቶቹ መሐል ነው። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ» አለኝና በቀኝ ሄደ።

አፌ ተከፈተ። ስሙን ልጠራ፣ እግሩ ላይ ልወድቅ፣ ሸሚዙን ይዤ ልጎትት። በሁለት እጄ የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ፤ እንደዚያ ቀን ዝም ለማለት ታግዬ አላውቅም። የመጀመሪያው መጠጥ ቤት ደጅ ላይ አንድ የድሮ ጓደኛው ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «መሰላል! ምነው ጠፋህ? ና እንጂ ቁጭ በል!» ሲለው ሰማሁ። ወንድሜ ቆመ። ሰውየው ወንበር ሳበለት። ወንድሜ ወንበሩን አየው፣ ጠርሙሱን አየው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እጁን ዘርግቶ ሰውየውን ጨበጠው፤ ሰውየውም ቀለም የነካውን መዳፉን እያየ ሳቀ። ወንድሜ መንገዱን ቀጠለ። ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ላይ ፍጥነቱ ቀነሰ፤ እሱንም አለፈው።

ከመንገዱ ጫፍ ላይ ዞር አለ። «እታለም!» ብሎ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ። «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ሰው ጠርተሽ እንዲህ ይጠፋል? ነይ እንጂ!»

በሩን ሳልቆልፍ ሮጥኩ።